የዘበኛው ዋስ

መጋቢት 27 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ በቡሬ ከተማ የገበሬዎች ማኅበሩ የበርበሬ መጋዘን ሲቃጠል በቦታው የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የመጋዘኑ ዘበኛ አያ ቢሆነኝ፤ ከቅዳሴው ከነነጠላቸው ሮጠው የደረሱ ሁለት መቶ የሚሆኑ ምእመናን፤ የግቢው ባለቤት የወይዘሮ ናዚፋ ልጅ ናጂሃ፤ የኢንሹራንስ ወኪሉ ጋሼ ጌታሁን፤ ሳጅን ሠርክአዲስ፤ እንዲሁም ይህን ዝርዝር በኪስ ደብተሩ የጻፈው ኢንስፔክተር ዳኘው።

ዳኘው ዝርዝሩን ሲጽፍ ለምን እንደሚጠቅመው አላወቀም። ልማዱ ነው። እሳት ሲጠፋ ሰው ይበተናል፣ ሰው ሲበተን ወሬው መልኩን ይለውጣል ብሎ ስለሚያምን ከሁሉ በፊት ሰው ይቆጥራል።

ነፋስ አልነበረም። ጭሱ በግቢው ላይ እንደ ክረምት ጉም ተኝቷል። ሴቶች በጄሪካን ውሃ ያቀብላሉ፤ ወንዶች ቆርቆሮውን በመንሽ እየሳቡ ያወርዳሉ። ዳኘው ራሱ ጭሱ መሀል ቆሞ ሲያዝዝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየ። ጣሪያው ሲደረመስ አንድ ገበሬ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“ሁለት መቶ ኩንታል!” አለ። “የሰማንያ አራት አባወራ ልፋት!”

አያ ቢሆነኝ ባዶ ባልዲ ይዘው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ተለብልቧል። ማንም እጃቸውን አላየላቸውም።

“እሱ ነው! ከሰል አንድዶ ተኝቶ ነው!” አለ አንዱ።

“በጾም ሻይ አምሮት ነዋ!” አለ ሌላው።

ሕዝቡ ወደ ሽማግሌው ሲገፋ ጋሼ ጌታሁን ድንጋይ ላይ ወጥተው እጃቸውን አነሡ። ግቢው ጸጥ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ዝም ማሰኘት ያውቁበታል።

“ወገኖቼ፣ ሽማግሌውን ለሕግ ተዉት” አሉ። “እናንተ ደግሞ አታልቅሱ። ስታዋጡ የከረማችሁት ለዚህ ቀን አይደለም ወይ? እድር ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ ኢንሹራንስ ሰው ሳይሞት ይደርሳል።”

መሬት የተቀመጠው ገበሬ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎነበሰ። ዳኘው ይህን ሲያይ ልቡ ሞቀ። አምና ማኅበሩ ኢንሹራንስ እንግባ አንግባ ብሎ ሲከራከር “ጋሼ ጌታሁን ካሉ እኔም አምናለሁ” ብሎ ከጎናቸው የቆመው እሱ ነበር።

አያ ቢሆነኝን ግን ይዞ ሄደ። መያዝ ነበረበት።

* * *

“እሳቱን መጀመሪያ የት አዩት፣ አያ ቢሆነኝ?”

“ከውስጥ።”

“የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ ነበር?”

“እኔ ዘንድ።”

“ዛሬ ጠዋት የገባ ሰው አለ?”

ሽማግሌው ወለሉን አዩ። “ጠባቂው እኔ ነበርሁ። ተቃጠለ። ሌላውን መድኃኔዓለም ያውቃል።”

“ከሰል አንድደው ነበር?”

“በሁዳዴ? ሳይቀደስ?” ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። “ሰው ይስማዎ!”

ሳጅን ሠርክአዲስ ከዘበኛው ጎጆ ያመጣችውን የከሰል ማንደጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ፈጣን ነው። “ይዩት፣ ኢንስፔክተር። ሸረሪት አድርታበታለች። ይህ እሳት ካየ አንድ ወር ይሆነዋል።”

“ታዲያ ለምን ዝም ይላሉ?” አለ ዳኘው። “ሐሙስ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ስድሳ ሦስት ዓመትዎ ነው። ወህኒ ቢገቡ በዚህ ዕድሜ መውጣትዎን እንጃ።”

“አውቃለሁ” አሉ አያ ቢሆነኝ። የተለበለበ እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

* * *

ሰኞ ጠዋት ዳኘው በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረደ። የኢንሹራንሱ ቢሮ ከመድኃኒት ቤት በላይ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበረው፤ ደንበኞቹም ሕግ ያስገደዳቸው ባለመኪኖች ብቻ ነበሩ። አሁን አምስት ሠራተኛ አለው። ግድግዳው ላይ በየዓመቱ ከፍ እያለ የሚሄድ መስመር ተስሏል፤ ከቆጋ የሽንኩርት ገበሬ እስከ ሊበን የበሬ ባለቤት ስድስት ሺህ ሰው ገብቷል። ከመስመሩ ጎን የጋሼ ጌታሁን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ያን ሁሉ ሰው አብዛኛውን በእግራቸው፣ ከደብር ደብር ዞረው ያስገቡ እርሳቸው ናቸው።

ዳኘው ፎቶውን ባየ ቁጥር ሌላ ነገር ይታወሰዋል። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ላህ ወንዝ ዓሣ ሲያጠምድ ሦስት ቀን ዋለና አጎቱ ያዘው። ጋቢ አከናንቦ፣ በር ዘግቶ፣ በርበሬ አጠነው። በሩን በእርግጫ ገንጥለው፣ አቅፈው ያወጡት የክፍሉ መምህር ጌታሁን ነበሩ። “ልጅ በመጽሐፍ እንጂ በበርበሬ አይማርም” ብለው አጎቱን ተቆጡ። ዳኘው ፖሊስ የሆነው ያን ቀን ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

“ዳኙ!” አሉ ጋሼ ጌታሁን ከመቀመጫቸው ተነሥተው። “ከስተሃል። ይህቺ ሠርክአዲስ ምሳ አታስበላህም?”

“እሷ ራሷ አትበላም፣ ጋሼ። ደህና ነዎት?”

“እንዴት ደህና እሆናለሁ? ሰማንያ አራት ቤተሰብ በየቀኑ ይደውልልኛል። ያንተ ወረቀት መቼ ይደርሳል? የፖሊስ ማስረጃ ካልተያያዘ ኩባንያው አይከፍልም።”

“ምርመራው አላለቀም።”

“ምኑ ይመረመራል? ሽማግሌው ተኛ፣ እሳት ተነሣ። የቸልተኝነት እሳት ይከፈላል። ፋሲካ ደርሷል፤ ገበሬው ዶሮ በምን ይገዛል?”

“የሚያውቁትን ይጻፉልኛ።”

ጻፉለት። የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈታቸው አልተበላሸም፤ እያንዳንዱ ፊደል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዘበኛው ከሰል አንድዶ ተኝቶ ሁለት ጊዜ እንዳገኙት፣ ሁለት ጊዜም እንደመከሩት ይላል። ፈረሙበት።

“ይህ አልበቃ ካለህ ናዚፋን ጠይቃት” አሉ። “ከየካቲት ጀምራ በርበሬያችሁን አውጡልኝ ብላ ስትጨቃጨቅ ነው የከረመች። ቤቱም በስሟ ኢንሹራንስ አለው። እኔ አላልሁም፤ ሰው ነው የሚል።”

“ለመዝገብ ያህል ሁሉንም ሰው ስለምጠይቅ ነው እንጂ፣ ቅዳሜ እርስዎ የት ነበሩ?”

ጋሼ ጌታሁን ከልባቸው ሳቁ። “ከጎንህ! ቅዳሴው ላይ፣ ከዋርካው ሥር። ጧፍ እንኳ የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ?”

እውነት ነው። ዳኘውም ሳቀ።

* * *

ቡሬ ከመመለሱ በፊት ወደ ሆስፒታሉ ጎራ አለ። ወይዘሮ ናዚፋ ቅዳሜ ሌሊቱንም ጠዋቱንም ምጥ የያዛትን ምራታቸውን ራጂያን ሲያስታምሙ ማሳለፋቸውን አዋላጇ ነገረችው። ወንድ ልጅ ተወልዷል። ስለዚህ የናዚፋ ሱቅ ሲደርስ በመጀመሪያ “እንኳን ማርያም ማረችልዎ” ሊል አፉን ከፈተና “እንኳን ደስ ያለዎ” ብሎ አቃናው።

“አላህ ይስጥልኝ” አሉ ናዚፋ አብሽ እየመዘኑ። “ያቃጠለችው ናዚፋ ናት ይላሉ አሉ?”

“ይላሉ።”

“የገዛ ቤቴን! ሰው ሲያማ ልጓም የለው።”

“ፍኖተ ሰላም እንደነበሩ አረጋግጫለሁ። የጨቀጨቁበትን ምክንያት ነው የምፈልገው።”

ናዚፋ ሚዛኑን አወረዱት። “ለናጂሃ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። አስም አለባት። በጥር በርበሬውን ሲያስገቡት ከግድግዳው ማዶ ሆና ታፍና ልትሞትብኝ ነበር። ሊበን እህቴ ቤት ነው የሰደድኋት። በየካቲት ማለቂያ ስትመለስ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተሻላት። ያም ሆኖ አውጡልኝ ማለቴን አልተውሁም።”

“ቅዳሜስ የት ነበረች?”

“እዚሁ። እኔ ሳልኖር! ውሃ ስታቀብል ዋለች አሉኝ። አንበሳ ልጅ ናት።”

“ጭሱ ውስጥ?”

“ጭሱ ውስጥ።”

“አላፈናትም?”

የናዚፋ እጅ አብሹ ላይ ቀረ።

“ወላሂ” አሉ ቀስ ብለው። “አላፈናትም።”

* * *

ዳኘው ወደ ጣቢያው በእግሩ ሄደ። ባጃጅ መያዝ ትዝ አላለውም፤ ሐሳቡ ሁሉ ጭሱ ላይ ነበር።

“ሳጅን፣ ቅዳሜ ጭሱ ውስጥ ምን ያህል ቆየሽ?”

“እንደ እርስዎ። ሁለት ሰዓት።”

“አስነጠሰሽ?”

ሠርክአዲስ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተቋረጠ። “ኢንስፔክተር” አለች።

“ገበያ ሂጂና ግማሽ እፍኝ የደረቀ በርበሬ ግዢ።”

የጣቢያው ግቢ ውስጥ ፍም ላይ ጣሉት። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ መዝገብ ያዡ አፉን ይዞ ከቢሮው ወጣ፣ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ወደ መንገዱ ሸሹ፣ ከእስረኞቹ ክፍል “ኧረ ጨረሳችሁን! ሕግ የለም ወይ?” የሚል ጩኸት ተሰማ።

“ግማሽ እፍኝ ነው!” አለች ሠርክአዲስ እንባዋን እየጠረገች፣ እያነጠሰች። “ሁለት መቶ ኩንታል ቢነድማ ከተማው እስከ ዛሬ ባዶውን ነበር።”

ዳኘው ደረቱን ይዞ ግድግዳ ተደግፏል። ሳሉ ሲለቀው የኪስ ደብተሩን አወጣ። በዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት ሁሉ፣ ሁለት መቶው ምእመናን፣ ናጂሃ፣ ሠርክአዲስ፣ እሱ ራሱ፣ በርበሬ ቤት ሲነድ ቆመው አይተዋል። አንድ ሰው እንኳ አልሳለም። ሁሉም የሚነደውን አየ እንጂ የጎደለውን ልብ ያለ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አመዱን በመንሽ ገለበጡት። ከታች፣ እሳቱ ሳይደርስበት የታፈነ አንድ ጆንያ ተገኘ። ሠርክአዲስ በቢላዋ ቀደደችው። የጤፍ ጭድ ነው።

* * *

በርበሬው መጋዘኑ ከመቃጠሉ በፊት ወጥቷል ማለት ነው። ግን መቼ? ሁለት መቶ ኩንታል በኪስ አይወጣም።

ማክሰኞ የአያ ቢሆነኝ ሚስት ፍሬሕይወት ስንቅ ይዛ ስትመጣ ዳኘው በሩ ላይ አገኛት።

“እናቴ፣ አያ ቢሆነኝ መጋዘኑን ጥለው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር?”

“እሱ? ልጁን ስድር እንኳ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣ!” አለች። “ኧረ ቆይ። በየካቲት አጋማሽ ሦስት ቀን ቤቱ አደረ። ለነቀዝ መድኃኒት ይነፋበታል፣ ለሰው አይሆንም ተብሎ። ቁልፉን ተቀብለው ሂድ ያሉት ጋሼ ጌታሁን ናቸው። እንዲያውም ሦስቱን ቀን ስለ እርሳቸው ሲመርቅ ነው የከረመ።”

ዳኘው አመሰገናት። ከዚያም ቢሮው ገብቶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሠርክአዲስ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ አልከፈተም። በሦስተኛው ራሷ ከፍታ ገባች።

“ሰውዬው አባትዎ እንደማለት እንደሆኑ አውቃለሁ” አለች። “ሽማግሌውስ?”

ዳኘው የጌታሁንን የምስክርነት ወረቀት አንሥቶ ሰጣት። “አንቺ አንብቢላቸው።”

አያ ቢሆነኝ ግድግዳ ተደግፈው ሰሙ። ሠርክአዲስ ቃል በቃል አነበበችላቸው፤ ከሰሉንም፣ እንቅልፉንም፣ ሁለቱን ምክርም።

“እንዲህ ብለው ጻፉ?”

“ፈርመውበታል።”

“በዚያ ባማረው ጽሕፈታቸው?”

“አዎ፣ አያ።”

ሽማግሌው የተለበለበ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። “ማኅበሩ ለዘበኝነት ዋስ አምጣ ሲለኝ አገሩን ሁሉ ዞርሁ” አሉ። “ወንድሜ እንኳ እምቢ አለኝ። እርሳቸው ሳልለምናቸው ፈረሙልኝ። ዋሴን በምን አፌ ልጥራ? እኔ ብታሰር አንድ ሰው ነኝ፤ እርሳቸው ቢጠሩ አገሩ ያዝናል ብዬ ነበር።”

“ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ነበር?” አለ ዳኘው።

“ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ። መድኃኔዓለምን ልሳለም ስሄድ ጆንያዎቹን አየት ላድርግ አሉኝ። ከፈትሁላቸው። የበራ ጧፍ በእጃቸው ነበር፤ ውስጡ ጨለማ ነው ብለው። ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነበር። ‘ዝጋውና ከበሩ አትራቅ’ አሉኝ።”

ዳኘው ዓይኑን ጨፈነ። ጋሼ ጌታሁን ቅዳሜ እያለከለኩ ከጎኑ ሲደርሱ፣ “ጧፌን ረስቼ” ሲሉ፣ እሱም ከሁለቱ አንዱን ሲሰጣቸው፣ ከራሱ ሲያበራላቸው ታየው።

* * *

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ጋሼ ጌታሁን ወረቀታቸውን ሊወስዱ ቡሬ መጡ። ዳኘው ወንበር ሳበላቸው።

“አለቀ?” አሉ።

“አለቀ። ጋሼ፣ ላህ ወንዝ የቀረሁበትን ቀን ያስታውሱታል?”

“እንዴት እረሳዋለሁ!”

“በሩን ገንጥለው ሲገቡ እርስዎም ታፍነው ነበር። ውጭ ተቀምጠን ሁለታችንም እስኪመሽ ስንስል፣ እንባችን ሲወርድ ዋልን። የአጎቴ በርበሬ አንድ እፍኝ ነበር።”

የጋሼ ጌታሁን ፈገግታ በቦታው ቆየ፤ ዓይናቸው ግን ትቶት ሄደ።

“ቅዳሜ ድንጋይ ላይ ወጥተው በዚያ ጭስ መሀል ንግግር አደረጉ” አለ ዳኘው። “ድምፅዎ አልሻከረም። ጭድ እንደሚነድ ያወቁ እርስዎ ብቻ ነበሩ።”

“ዳኙ...”

“ጧፍዎን አልረሱም። ትተውት ነው የመጡት። ጭዱ እስኪይዝ ከፖሊስ ጎን መቆም ነበረብዎ። እኔን መረጡ።”

ከውጭ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ። ጋሼ ጌታሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

“የሊበኑን በረዶ ታውቃለህ” አሉ። “ሁለት ዓመት ሆነው። ሦስት መቶ ገበሬ አስገብቼ ነበር፤ በስሜ ምዬ። በረዶው ጤፉን አነጠፈው። ኩባንያው ከሰማይ በሚነሣ ፎቶ ይለካል፤ ፎቶው አገሩ አረንጓዴ ነው አለ። አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ጌታሁን ዋሸ ከምባል ብዬ ቤቴንም ሸጥሁ፣ ተበደርሁም፣ ከኩባንያው የመጣ ነው እያልሁ አደልሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው እየጎረፈ ስድስት ሺህ የሞላው ጌታሁን ያስከፍላል ተብሎ ነው። ብድሩ ሲያንቀኝ በርበሬውን ሸጥሁት። ገበሬው ካሳውን ያገኛል፣ ኩባንያው ለሊበን ያልከፈለውን ለቡሬ ይከፍላል። ማን ይጎዳል አልሁ።”

“አያ ቢሆነኝ።”

“ሽማግሌ ነው፣ ይለቁታል ብዬ...”

“ዋሱ ነበሩ።”

ጋሼ ጌታሁን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። ከዚያም እንደ ድሮው፣ በመምህር ድምፅ፣ “ወረቀቱን ብትጽፈው ሰማንያ አራት ቤተሰብ ይድናል” አሉ። “እውነቱን ብትጽፍ ማንም ምንም አያገኝም። አስብበት፣ ልጄ።”

ዳኘው ሁለት ቀን ሙሉ አስቦበታል። ወረቀት ሳበ፤ ብዕሩንም ለእርሳቸው አቀበላቸው።

“ይጻፉ” አለ። “ጽሕፈትዎ ያምራል።”

* * *

ቢሆነኝ በዚያው ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተፈቱ። ጌታሁን ወደ ፍኖተ ሰላም ተወስዶ ታሰረ። በነቀምት መንገድ ላይ ካለ አንድ መጋዘን አርባ ሦስት ኩንታል በርበሬ ተገኘ፤ የቀረው አልተገኘም። ኩባንያው ካሳ አልከፈለም። በሚያዝያ ማኅበሩ የኢንሹራንስ ውሉን ለማደስ ሲሰበሰብ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም፤ ዳኘው ከኋላ ቆሞ ነበር፣ የምትለው አለህ ወይ ሲባል የለም አለ። ናዚፋ መጋዘኑን በሰኔ መልሰው ሠሩ። ዘበኛ አድርገው የቀጠሩት ቢሆነኝን ነው፤ ዋስ አልጠየቋቸውም።